ግሱ ይቅደም፦ የቪዲዮ ሥራን ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በአማርኛ ለማስተማር የሚያስፈልጉ የሙያ ቃላት

1. መነሻ

ይህ ጽሑፍ የቪዲዮ ሥራ በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአማርኛ ሲሰጥ የሚያጋጥመውን የስያሜ ችግር ለማስረዳትና ለተርጓሚዎች፣ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለመምህራን አንድ የአሠራር መንገድ ለማመልከት የተዘጋጀ ነው። መነሻው በአሊዩ አምባ አካባቢ የታየ ቀላል ነገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መምህር ከመደበኛው ትምህርት ሰዓት ውጭ ተማሪዎችን ሰብስበው በእጅ ስልክ አጫጭር ቪዲዮ መሥራትን ሲያስተምሩ ይህ ጸሐፊ በእንግድነት ተገኝቶ ነበር። መምህሩ በእጃቸው የያዙትን የቃላት ዝርዝር ያዘጋጀው ራሱ ጸሐፊው ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ለካሜራ «መቅረጸ ምስል» የሚል ስያሜ ተሰጥቶ ነበር። መምህሩ ሐረጉ ስለ ረዘመባቸው አሳጥረው «መቅረጫውን አምጪልኝ» ቢሉ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ከቦርሳዋ የእርሳስ መቅረጫ አውጥታ በሁለት እጅዋ አቀረበችላቸው። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ልጅቱ ግን አፈረች፤ በዚያን ቀን ስልኩን በእጅዋ ሳትነካ ወደ ቤትዋ ሄደች።

ጥፋቱ የልጅቱ አልነበረም፤ የመምህሩም አልነበረም። መቅረጫ የሚለው ቃል በክፍሉ ውስጥ አስቀድሞ ባለቤት እንዳለው ሳይመረምር ስያሜ ያወጣው ሰው ጥፋት ነበር። ከዚህ በታች የቀረበው ሐሳብ ከዚያ ስሕተት የተወሰደ ትምህርት ነው።

2. ጉዳዩ ለምን አሳሳቢ ይሆናል

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ሲፈቅድ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲካሄድ ወስኗል። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባውና ሕዝቡ «ፕላዝማ» ብሎ የሰየመው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርትም በእንግሊዝኛ የሚተላለፍ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲስ አደረጃጀት ደግሞ 7ኛና 8ኛ ክፍል ራሱን የቻለ መካከለኛ ደረጃ ሆኗል፤ የክዋኔና የእይታ ጥበባትም በትምህርት ዓይነትነት ተካቷል።

እንግዲህ እነዚህ ሁለት ዓመታት አንድ የሙያ ሐሳብ በአማርኛ ሊጨበጥ የሚችልባቸው የመጨረሻዎቹ ዓመታት ናቸው ማለት ይቻላል። ተማሪው በ8ኛ ክፍል በአማርኛ ሊሰይመው ያልቻለውን ሥራ በ9ኛ ክፍል የሚያገኘው በባዕድ ቋንቋ ነው። እጁ ሥራውን ሊለምድ ይችላል፤ ነገር ግን ምን እንደ ሠራ፣ ለምን እንደ ሠራና ለምን እንደ ተበላሸበት ለጓደኛው ለማስረዳት ቃል ያጥረዋል። ቃል ያጠረው ሙያተኛ ደግሞ ሥራውን ለሌላ ለማስተላለፍ ይቸገራል።

3. ስለ ቦታው ጥቂት ቃል

አሊዩ አምባ ከአንኮበር በታች፣ ቆላው ይፋት ከደጋው ሸዋ በሚገናኝበት ዳገት ላይ የምትገኝ የቆየች የገበያ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት ከታጁራ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በአፋር ምድር የሚያልፈው ሲራራ ጭነቱን ከሚያራግፍባቸው ዋና ቦታዎች አንዷ ነበረች። አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩና ሐረሪው በገበያዋ ይገናኙ ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. በካፒቴን ሐሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ያለፈው በዚህ መንገድ ነው። ከጓዱ ጋር የነበረው ጀርመናዊ ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትስ የሠራቸው ሥዕሎች በ1852 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ታትመዋል። ያን ጊዜ ምስል አንሺው ከውጭ የመጣ እንግዳ ነበር፤ ዛሬ ግን በእጅ ስልክ የአገሩን መልክ የሚቀርጸው የአገሩ ልጅ ነው።

ለቃላት ጥናትም የሲራራው ዘመን አንድ ትምህርት ይሰጠናል። ከባሕር ማዶ የመጡ ዕቃዎችና የንግድ ልማዶች ስማቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ፈረሱላ፣ ሱቅ የሚሉት ከዐረብኛ የተገኙ ስሞች ለዚህ ምስክር ናቸው። ሥራውን የሚገልጹት ቃላት ግን ጫነ፣ አራገፈ፣ ሸጠ፣ ገዛ የሚሉት የቤት ግሦች ሆነው ቀርተዋል። ሚዛን የሚለው ስም ደግሞ ከግስ ጋር ተዛምዶ መዘነ፣ ተመዘነ፣ አስመዘነ፣ መዛኝ እየተባለ ይረባል። ነጋዴው ሚዛን ስለሚለው ቃል ምንጭ ሳይጨነቅ ይመዝን ነበር። ቋንቋው ዕቃውን በውሰት ስም ተቀበለ፤ ሥራውን ግን በራሱ ግስ ሠራው።

4. የነባሮቹ ስያሜዎች ሁኔታ

ተንቀሳቃሽ ምስል ወደ አገራችን ሲገባ ሕዝቡ ስያሜ ለማውጣት ማንንም አልጠበቀም። በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎታል። ይህ ስም ፍርሃትን እንጂ ሥራን አይገልጽምና ሲኒማ ለሚለው የውሰት ቃል ቦታውን ለቀቀ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን በየዕለቱ ሥራ ላይ የሚውሉ ስያሜዎች ያስፈልጉ ጀመር። ከነዚህ መካከል «የቀጥታ ሥርጭት» እና «ዘጋቢ ፊልም» የሚሉት ዛሬ ማንም ሳያስበው የሚናገራቸው ሆነዋል። ከቴአትር የመጡት ተዋናይ፣ ትዕይንትና ገቢርም ጸንተዋል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የደከመበትና በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም ለስያሜ ሥራ የሚጠቅም ሰፊ ልምድ አስቀርቶልናል።

ይሁን እንጂ በቪዲዮ ሥራ ዘርፍ ሦስት ዓይነት ችግር ይታያል።

አንደኛው፣ አንድ ቃል ብዙ ሙያ መሸከሙ ነው። «አዘጋጅ» የሚለውን እንውሰድ። በጋዜጣ ዋና አዘጋጅ የጽሑፉ ኃላፊ ነው፤ በቴአትር አዘጋጅ ተዋንያንን የሚመራው ነው፤ በሬዲዮ አዘጋጅ ዝግጅቱን ከመነሻ እስከ መድረሻ የሚያሰናዳው ነው። አምስት ተማሪዎች ሥራ ተከፋፍለው አንድ ቪዲዮ ሲሠሩ «አዘጋጅ ማን ነው?» ቢባል ሦስቱ እጃቸውን ያወጣሉ፤ ሦስቱም ልክ ናቸው።

ሁለተኛው፣ ተቃራኒ ሥራ ያላቸው ዕቃዎች በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። «ድምፅ ማጉያ» በዕለት ንግግር ድምፅ ለሚቀበለው ማይክሮፎንም፣ ድምፅ ለሚያወጣው ትልቅ ዕቃም ይነገራል። ማይክሮፎን ግን ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል እንጂ አያጎላም። ይህ ለቀረጻ ተማሪ ትንሽ ነገር አይደለም። ማጉያ ነው ብሎ የሚያምን ልጅ ከተናጋሪው አሥር እርምጃ ርቆ ቆሞ ዕቃው እንዲያጎላለት ይጠብቃል። በገላጣ ቦታ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ወደ ማይክሮፎኑ የሚደርሰው የድምፅ ኃይል ወደ ሩብ ያህል እንደሚወርድ፣ በአምባው ጠርዝ የሚነፍሰው ነፋስ ግን እንደማይቀንስለት የሚረዳው ወደ ቤቱ ገብቶ የቀረጸውን ሲያዳምጥ ነው። ስሙ ያሳሳተውን ሥራው ይቀጣዋል።

ሦስተኛው፣ ከግእዝ በተናባቢ መልክ የሚበጁ ስያሜዎች ጉዳይ ነው። መቅረጸ ድምፅ፣ መቅረጸ ምስል የሚሉት በጽሑፍ ላይ ያማሩ ናቸው። በሥራ መካከል ግን ረጃጅም ስለሆኑ ተማሪው ያሳጥራቸዋል፤ ሲያጥሩም ከሌላ ቃል ጋር ይጋጫሉ። የእርሳስ መቅረጫው ነገር ከዚህ የመጣ ነው። ሌላም አለ። ከቀረጸ የባለሙያ ስም ለማውጣት ብንሞክር፣ ጸ በዚህ ቦታ ወደ ጨ ስለምትለወጥ በንግግር የሚወጣው ቀራጭ ይሆናል። ቀረጠ ከሚለው የሚወጣውም ቀራጭ ነው። የሲራራ ነጋዴ ባለፈባት ከተማ ቀራጭ ማለት ግብር ተቀባይ እንጂ ካሜራ የያዘ ሰው አይደለም። ቀራጺ ብለን ብንጽፈው ደግሞ ድንጋይና እንጨት የሚጠርበውን ጥበበኛ ያስታውሳል።

5. ዕቃው በውሰት፣ ሥራው በግስ

የሙያ ቃላት ኮሚቴዎች ልማድ ከስም መጀመር ነው። የባዕድ ቋንቋ ዝርዝር ይቀርባል፤ በዝርዝሩ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ስሞች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ፊት የአማርኛ ስም ይሞላል። በእጅ የሚሠራ ሙያ ግን በአማርኛ የሚተላለፈው በትእዛዝ አንቀጽ ነው። ሸማኔው ለልጁ፣ አናጢው ለረዳቱ፣ እናት ለልጅዋ የሚናገሩት ያዝ፣ ሳብ፣ አላላ፣ ግጠም እያሉ ነው። የቪዲዮ መምህርም እንዲሁ ነው። ተማሪው ስልኩን ይዞ በሬ ወደ ማሽላ ማሳ ሲገባ እያየ፣ መምህሩ ስም ሊያስጠናው ጊዜ የለውም፤ የሚያስፈልገው አንድ አጭር ግስ ነው።

እዚህ ላይ የውሰት ቃል ድካም ይታያል። ዙም፣ ፎከስ፣ ኤዲት፣ ሪኮርድ የሚሉት ሲገቡ ሁሉም «አደረገ» በሚለው ረዳት ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ዙም አድርግ፣ ፎከስ አድርግ፣ ኤዲት አድርግ ይባላል። ተማሪው አራት ሥራ ተምሮ በአፉ የሚይዘው አንድ ግስ ብቻ ይሆናል። ቀረጸ የሚለውን ነባር ግስ ስንወስድ ግን ተቀረጸ፣ አስቀረጸ፣ ቀረጻ፣ ቅርጽ የሚሉት ተከትለው ይመጣሉ፤ ልጁም ሳይማራቸው ያውቃቸዋል።

ይህ ማለት የውሰት ቃል ሁሉ ይወገድ ማለት አይደለም። ካሜራ፣ ቪዲዮ፣ ማይክሮፎን፣ ስቱዲዮ እንደ ፈረሱላና እንደ ሱቅ የአገር ልጅ ሆነዋል፤ በገበያ የሚሸጡትም፣ በጥገና ቤት የሚጠየቁትም በነዚሁ ስሞች ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አይጣፍጥም እንደሚባለው፣ ካሜራን በሌላ ስም መጥራት ትምህርቱን አያሻሽለውም። መሻሻል ያለበት ከካሜራው ጋር የሚሠራው ሥራ አጠራር ነው።

6. ሦስት ፈተናዎች

አንድ ስያሜ ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት የሚከተሉትን ሦስት ፈተናዎች እንዲያልፍ እናሳስባለን።

የመጀመሪያው የትእዛዝ ፈተና ነው። ስያሜው በአንድ ትንፋሽ ለወንድም፣ ለሴትም፣ ለብዙም ሊታዘዝ ይችላልን? ቃኝ፣ ቃኚ፣ ቃኙ ይባላል። ካሜራውን በቦታው አቁሞ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ማዞር ከዚህ የተሻለ ግስ አይገኝለትም፤ ገበሬ ማሳውን፣ እረኛ መንጋውን ይቃኛልና። በሙዚቃ ቅኝት የተለየ ትርጉም ቢኖረውም በቀረጻ ቦታ አያደናግርም።

ሁለተኛው የባለቤትነት ፈተና ነው። ቃሉን በዚያው ክፍል ሌላ ነገር ይዞታልን? መቅረጫ በዚህ ፈተና ወደቀ። የተቆረጠ ምስልን «ቁርጥ» ማለትም ይወድቃል፤ ተማሪው የሚያስበው ሥጋ ነውና። «ቁራጭ» ግን ያልፋል። ሁለት ቁራጮች የሚገናኙበትን ቦታ ከገጠመ አውጥተን «ግጥም» ልንለው አንችልም፤ «መጋጠሚያ» ግን ግልጽ ነው።

ሦስተኛው የመለየት ፈተና ነው። ሥራው የሚለየውን ነገር ቃሉም ይለያልን? ለምሳሌ ያህል፣ አንድን ነገር በምስሉ ውስጥ ትልቅ አድርጎ ለማሳየት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በእግር ወደ ነገሩ መሄድ ነው፤ ሌላው በስልኩ መስታወት ላይ ሁለት ጣት ዘርግቶ ምስሉን ማስፋት ነው። በአብዛኛው የእጅ ስልክ ሁለተኛው መንገድ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ያለውን ምስል ይለጥጠዋል እንጂ አዲስ ዝርዝር አይጨምርለትም፤ ስለዚህም ምስሉ ይደበዝዛል። «ዙም አድርግ» የሚለው ይህን አይናገርም። አማርኛው ግን «ተጠጋ» እና «አጉላ» ብሎ ይለያቸዋል። አጉሊ መነጽርን የሚያውቅ ተማሪ ማጉላት ነገሩን እንደማያቀርበው ይገባዋል። መምህሩ «አታጉላ፣ ተጠጋ» ሲሉ በሁለት ቃል አንድ ሙሉ ትምህርት ሰጡ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ምሳሌያዊ ማስረጃን ከስያሜ ጋር እንዳናደባልቅ ማሳሰብ ይገባል። በቅንብር ጊዜ ምስሉና ድምፁ በየመስመራቸው ተዘርግተው ሲታዩ መምህሩ በሸማኔ ቋንቋ «ድርና ማግ ናቸው» ቢሉ፣ የሽመና ሙያ በሚታወቅበት በይፋት ተማሪው ወዲያው ይረዳል። ነገር ግን ድርና ማግ ይተላለፋሉ፤ የምስልና የድምፅ መስመር ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ምሳሌው ለማስረዳት ይበቃል፤ ስያሜ ከሆነ ግን ያሳስታል። ስለዚህ «የምስል መስመር» እና «የድምፅ መስመር» ማለቱ ይመረጣል።

7. ስለ ተቀረጸና ስለ አስቀረጸ

ግስ የመረጥንበት ሌላ ምክንያት አለ። ከላይ የጠቀስናቸው ተማሪዎች በገበያ ቀን ስለ ማሾ ንግድ አጭር ዘጋቢ ፊልም ለመሥራት ወጥተው ነበር። ማሾ ከሚሸጡት ሴቶች አንዷ ስልኩን አይተው «ማን ቅረጹኝ አላችሁ?» ሲሉ ተቆጡ። አንዱ ልጅ «እናቴ፣ እኛ የቀረጽነው ማሾውን ነው» ብሎ መለሰ። ሴትዮዋ ግን «ማሾውን የያዘው እጅ የማን ነው?» አሉት። ልጁ የሚመልሰው አጣ።

በማግሥቱ መምህሩ በሰሌዳው ላይ ሁለት ቃል ብቻ ጻፉ፤ «ተቀረጸች» እና «አስቀረጸች»። የመጀመሪያው ሥራው በሰውዬዋ ላይ እንደ ደረሰ ይናገራል፤ ፈቃድዋን አይጠይቅም። ሁለተኛው ሥራው በእርስዋ ፈቃድና አሳብ እንደ ሆነ ይናገራል። ተማሪዎቹ ያሰባሰቧቸውን ቁራጮች አንድ በአንድ እያዩ ማን ተቀረጸ፣ ማን አስቀረጸ እያሉ ለዩ። ተቀረጹ ከተባሉት መካከል ብዙዎቹን አጠፏቸው። ይህን ትምህርት በ«ሪኮርድ አደረገ» ለመስጠት ብዙ አረፍተ ነገር ያስፈልግ ነበር፤ የአማርኛ ግስ ግን በአንዲት ምዕላድ ፈጸመው።

ለቋንቋ ተመራማሪም ነገሩ ቅርብ ነው። በአሊዩ አምባ ዙሪያ የሚኖረው የአርጎባ ሕዝብ በብዛት አማርኛ ተናጋሪ ሆኗል። አርጎብኛን የሚያስታውሱ አረጋውያን ባሉበት ስፍራ የልጅ ልጅ በእጅ ስልክ የሚቀርጸው አምስት ደቂቃ ንግግር ለወደፊት ጥናት ሰነድ ሊሆን ይችላል። ሰነድ የሚሆነው ግን ልጁ ለመቅረብ፣ ከነፋስ ለመከለልና ተናጋሪውን አስፈቅዶ ለማስቀረጽ ሲችል ነው። ድምፁ ካልጠራ አናባቢው አይለይም፤ አናባቢው ካልተለየ ቃሉ አይጻፍም።

8. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

ቀረጸ (ግስ)፦ ተንቀሳቃሽ ምስልን፣ ድምፅን ወይም ሁለቱን በአንድነት መዝግቦ አስቀረ። ሥራው ቀረጻ ይባላል። ዕቃው ካሜራ ይባላል እንጂ መቅረጫ አይባልም።

አነሣ (ግስ)፦ ለቆመ ምስል ብቻ፤ ፎቶ አነሣ።

ቀዳ (ግስ)፦ የተቀረጸውን ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ ገለበጠ። የተገኘው ቅጂ ይባላል።

ቃኘ (ግስ)፦ ካሜራውን በቦታው እንዳለ ወደ ጎን እያዞረ ቀረጸ።

ተጠጋ፣ ራቀ (ግስ)፦ ካሜራውን ይዞ ወደ ነገሩ ቀረበ፤ ከነገሩ ሸሸ።

አጎላ፣ አሳነሰ (ግስ)፦ ከቦታ ሳይንቀሳቀስ ምስሉን አስፍቶ ወይም አጥብቦ አሳየ።

አጠራ (ግስ)፦ የደበዘዘውን ምስል ግልጽ አደረገ። ተቃራኒው ሁኔታ ደበዘዘ ነው።

ቆረጠ፣ ገጠመ (ግስ)፦ ከተቀረጸው ውስጥ የማያስፈልገውን አወጣ፤ የቀሩትን ቁራጮች አገናኘ። የተገናኙበት ቦታ መጋጠሚያ ይባላል።

አቀናበረ (ግስ)፦ ቁራጮችን፣ ድምፅንና ጽሑፍን በሐሳብ ቅደም ተከተል አሰናዳ። ሥራው ቅንብር፣ ሠሪው አቀናባሪ ይባላል። አርትዖት ለጽሑፍ ይቆይ።

ክፈፍ (ስም)፦ የምስሉ አራት ጠርዝ። ወደ ክፈፍ ገባ፣ ከክፈፍ ወጣ ይባላል። በሰከንድ የሚፈራረቁት ነጠላ ምስሎች ግን፣ በሲኒማ 24፣ በአገራችን በተለመደው የቴሌቪዥን ሥርዓት 25 የሆኑት፣ ክፈፍ ሳይሆን ምስል ይባሉ።

ዕይታ (ስም)፦ ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጸው አንድ ክፍል፤ የሩቅ ዕይታ፣ የመካከለኛ ዕይታ፣ የቅርብ ዕይታ።

ዙር (ስም)፦ አንዱን ዕይታ ደጋግሞ በመቅረጽ ጊዜ እያንዳንዱ ሙከራ፤ ሁለተኛ ዙር፣ ሦስተኛ ዙር።

ካሜራ ያዥ (ስም)፦ ካሜራውን የሚያንቀሳቅሰው። ገንዘብ ያዥ እንደሚባለው ነው።

ቀረጻ መሪ (ስም)፦ በቀረጻ ቦታ ተዋንያንንና ካሜራ ያዡን የሚያዝዘው። አዘጋጅ የሚለው ሥራውን ከመነሻ እስከ መድረሻ ለሚያሰናዳው ይተው።

ማይክሮፎን (ስም)፦ ድምፅ የሚቀበለው ዕቃ። ድምፅ ማጉያ የሚለው ድምፅ ለሚያወጣው ብቻ ይወሰን።

9. መዝጊያ

ከዚህ በላይ የቀረበው ዝርዝር የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። «ካሜራ ያዥ» የሚለውን ያወጡት ተማሪዎቹ ናቸው፤ «አጥራው» የሚለውንም ጸሐፊው የሰማው ከነርሱ ነው። በአንጻሩ ጸሐፊው በጠረጴዛው ላይ ካበጃቸው ስያሜዎች ከግማሽ በላይ የሆኑት በመጀመሪያው ሳምንት ወድቀዋል። ስለዚህ ተመሳሳይ ሥራ የሚጀምሩ ባልደረቦች ዝርዝራቸውን ከማጽደቃቸው በፊት አንድ ቀን በክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጠው መምህሩ የሚያዝዙትን፣ ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው የሚጯጯሁትን በጥሞና እንዲያዳምጡ እናሳስባለን። በሸዋ ሮቢት፣ በደብረ ብርሃን፣ በደሴና በሌሎችም አካባቢዎች ያሉ መምህራንና ተርጓሚዎች በየአካባቢያቸው የሚነገሩትን ግሦች መዝግበው ቢልኩልን ዝርዝሩ በሚቀጥለው ጊዜ ታርሞና ዳብሮ ይወጣል።